መልስ፦ ክራርና ዋሽንት ብቻ፣ ያለ ኖታ

ወንድሜ፣ «ያለ ዘፋኝና ያለ ኖታ ሁለታችን ብቻ እንዴት እንጫወት?» ላልከው፣ እኔና ጓደኛዬ ለገጣፎ ዳር ባለች አንዲት ክፍል የምንሠራው እንዲሁ ነው። መጀመሪያ በቅኝት፣ ማለትም በምንጫወትባቸው ድምፆች አደራደር፣ እንስማማለን፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺሆዬ። የዋሽንት ድምፅ በቀዳዳዎቹ የተወሰነ ስለሆነ፣ የሚቃኘው ክራሩ ነው፤ ይህን አትርሳ። ከዚያ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ያዳምጣል። በጣም የከበደን ይሄ ማዳመጡ ነበር፤ እጅ ዝም ማለት አይወድም! ክራሩ በድርድር (ክሮቹን አንድ በአንድ በጣት እየነካ) መሠረቱን ሲይዝ ዋሽንቱ እንደፈለገ ይሄዳል፤ ትንፋሹን ሲሰበስብ ደግሞ ክራሩ በግርፍ (ክሮቹን አንድ ላይ እየመታ) ይመልስለታል። የቅኝቱ 5 ድምፆች ጥቂት ይመስላሉ፣ ግን የምታርፍበትን ድምፅ ስትቀይር ስሜቱ ሁሉ ይቀየራል። መድረክ ላይም አስቀድመን የምንወስነው መነሻና ማረፊያውን ብቻ ነው። ጓደኛህን ይዘህ ቅዳሜ ከሰዓት ና፣ አብረን እንሞክረው።