ባሕሩ ለምን ጭጋግ መሰለ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሰሞኑን አንድ የፎቶ ኤግዚቢሽን ላይ «ፒተር አይርዴል» የምትባለውን፣ አሜሪካ ኦሪገን የባሕር ዳርቻ አሸዋ ውስጥ የቀረችውን መርከብ አየሁ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። ብረቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ባሕሩ ግን ጭጋግ ነው የሚመስለው። ጓደኛዬ «ይሄማ በኮምፒውተር የተሠራ ነው» አለችኝ። እውነት ነው? ደግሞስ የዛገ ብረት ማንሳት ምኑ ነው ሥነ ጥበብ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ ብትጠረጥር አይፈረድባትም። ግን እንዲህ ያለው ጭጋግ ካሜራው ውስጥ ይሠራል። ሌንሱ ፊት ኤንዲ ፊልተር የሚባል ጥቁር መስታወት ይደረጋል። የፊልተሩ ጥቁረት በስቶፕ ይለካል፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል። ባለ 10 ስቶፑ ብርሃኑን ወደ 1000 እጥፍ ገደማ ይቀንሰዋል። በሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ያልቅ የነበረው ፎቶ 30 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል ማለት ነው። በዚህ መሀል ማዕበሉ ይመጣል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይመጣል። ሁሉም ተደራርቦ ይነጣል። ብረቱ ግን ንቅንቅ ስለማይል ጥርት ብሎ ይቀራል።

እኔም እዚያ ሄጄ አንስቻታለሁ። የመጀመሪያው ጠዋት ግን ባዶ እጄን ነው የተመለስኩት። ትራይፖዱን፣ ማለትም ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ አቁሜ 30 ሰከንዱን ጀመርኩ። ውሃው ሲመለስ ከእግሮቹ ሥር አሸዋውን ጠርጎ ሄደ። ትራይፖዱ ለዓይን በማይታወቅ ልክ ሰመጠ። ማታ ፎቶውን ሳሰፋው ብረቱ ሁሉ ድርብ ድርብ ሆኗል። እንዴት እንደከፋኝ! በማግስቱ እግሮቹን እስኪጠብቁ ድረስ አሸዋው ውስጥ ወጋኋቸው። አንድ ማዕበል እስኪያልፍ ጠበቅኩና ከዚያ አነሳሁ። ጨው ያለው ርጭት ሌንሱን ስለሚያደበዝዘው በየፎቶው መሀል መጥረግም ነበረብኝ።

ከልቤ የምወደው ፎቶ የወጣው በ2 ሰከንድ ነው፤ በ30 አይደለም። 30 ሰከንድ ባሕሩን ጨርሶ ያጠፋዋል። በ2 ሰከንድ ግን እየተመለሰ ያለው አረፋ በእያንዳንዱ የመርከቧ የጎን አጥንት ዙሪያ ነጭ መስመር እያሰመረ ያልፋል። ውሃው ብረቱን ሲነካው ታዪዋለሽ። ለዚህ ባለ 6 ስቶፕ ፊልተር ይበቃል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። መርከቧ እ.ኤ.አ. በ1890 እንግሊዝ ውስጥ ሜሪፖርት ላይ የተሠራች፣ 87 ሜትር ያህል የምትረዝም፣ ባለ 4 ምሰሶ የሸራ መርከብ ናት። ከሜክሲኮ ተነስታ፣ ጭነት ሳትይዝ ወደ ፖርትላንድ እየሄደች ነበር። ኦክቶበር 25 ቀን 1906 ጭጋግ አልፋ ኮሎምቢያ ወንዝ አፍ ደረሰች። ወደ ወንዙ የሚያስገባትን መንገድ መሪ ስትጠብቅ ግን ኃይለኛ ነፋስ ተነሳ፣ ወደ አሸዋው ገፋት። ከግጭቱ የተነሳ 3 ምሰሶዎቿ ተሰበሩ። የሰው ሕይወት አልጠፋም፤ መርከበኞቹን የነፍስ አድን ጀልባ አወጣቸው። በ1942 ደግሞ የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ አጠገቧ ያለውን ፎርት ስቲቨንስ የተባለ የጦር ምሽግ ሲደበድብ፣ ዳርቻው በእሾሃማ ሽቦ ታጠረ። ሽቦው እሷንም አቋርጦ አለፈ።

ይህን ሁሉ ፎቶ ብቻውን አይነግርሽም። ግን አንሺው የሚመርጠው ነገር አለ። ውሃው ሸሽቶ ስለነበር ተጠግቼ ዝገቱን አይቼዋለሁ። አንዱ ንብርብር ሌላው ላይ ተቀርፏል፤ ውጩ ብርቱካናማ፣ ውስጡ ጥቁር ነው ማለት ይቻላል። በቀለም ባነሳው ዓይን ሁሉ ብርቱካናማው ላይ ይቀራል። በጥቁርና ነጭ ግን የአጥንቶቹ ቅርጽ፣ በመሀላቸው ያለው ባዶ ቦታ ይወጣል። ያ ምርጫ ነው ለእኔ ሥነ ጥበቡ። ጭጋጉም ያማረ ስለሆነ ብቻ አይደለም የሚወደደው፤ ያን ጠዋት መርከበኞቹ ያለፉበትን ጭጋግ ያስታውሰኛል።

ኤግዚቢሽኑ ካልተዘጋ ከጓደኛሽ ጋር ተመለሱና ብረቱ ውሃው ውስጥ የሚገባበትን ቦታ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ነጩ በአጥንቶቹ ዙሪያ እየተጠማዘዘ ካለፈ፣ እዚያ ውሃ ነበር። ያያችሁትን ጻፉልኝ፤ እጠብቃለሁ።