የቤተሰብ አስታማሚዎች ጥያቄና መልስ፦ እረፍትና የገንዘብ ድጋፍ በጅማ

አባት፣ እናት፣ ባል፣ ሚስት ወይም ልጅ ቤት ውስጥ ከሚያስታምሙ የጅማና የአካባቢዋ ሰዎች የመጡ ጥያቄዎች ናቸው።

ጥያቄ (ከመንደራ)፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እናቴን ስትሮክ ከመታት ጀምሮ ሥራዬን ትቼ እያስታመምኳት ነው፤ ስምንት ወር ሆነኝ። ለአስታማሚ መንግሥት ይከፍላል ሲሉ ሰማሁ። የት ልመዝገብ?

መልስ፦ እናትዎን ይማርልዎ። ለአስታማሚ ተብሎ በየወሩ የሚከፈል የመንግሥት ገንዘብ የለም። «እኔ አስመዘግብልሻለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ አንድ ብር እንዳይሰጡ። ያለው ድጋፍ የሚገኘው በታማሚዋ ወይም በቤተሰቡ ስም ነው። እሱን በደንብ ከተጠቀሙበት ከእርስዎ ኪስ የሚወጣው ይቀንሳል።

መጀመሪያ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን። ቋሚ ደመወዝ የሌለው ቤተሰብ በቀበሌው የሚመዘገብበት ነው። በ2003 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ሊሙ ኮሳ አንዱ ስለነበር ለጅማ ዞን አዲስ አይደለም። የዓመቱን መዋጮ መክፈል የማይችል ቤተሰብ በቀበሌ ተለይቶ መዋጮው ሊሸፈንለት ይችላል። ሰው የሚጎዳው በሦስት ነገር ነው፦ የእድሳት ጊዜ ሲያልፍበት፣ የታማሚዋ ስም በመድኑ ደብተር ላይ ሳይኖር ሲቀር (በተለይ ከሌላ ቤት መጥታ ከእርስዎ ጋር ከሆነች)፣ እና ጤና ጣቢያውን ዘሎ በቀጥታ ሆስፒታል ሲሄድ። ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳይያዝ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል መሄድ ከኪስ ያስከፍላል። የባጃጅ፣ የዳይፐርና የተሽከርካሪ ወንበር ወጪን ከመድኑ አይጠብቁ።

ሁለተኛው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው፤ ለድሃ የከተማ ቤተሰቦች የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጥ የመንግሥት ፕሮግራም። በ2009 በ11 ከተሞች ተጀምሮ በኋላ ወደ ሌሎችም ሰፍቷል። መሥራት የሚችል ሰው በአካባቢ ልማት ሥራ፣ የማይችል በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋል። የምዝገባ ዙር ክፍት መሆኑን ቀበሌ ይጠይቁ። የሐኪም ማስረጃውን ቅጂ ይያዙ፤ በቤቱ ውስጥ ጉልበት ያለው ሰው እርስዎ ብቻ መሆንዎንና የአልጋ ቁራኛ እንደሚያስታምሙም አስቀድመው ያሳውቁ። ዝም ካሉ «መሥራት የምትችል ሰው አለች» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል።

ጥያቄ (ከቦሳ ኪቶ)፦ ወንድሞቼ «ሲደክምሽ ንገሪን» ይላሉ። ስነግራቸው ግን ማንም አይመጣም። እረፍት እንዴት ነው የሚገኘው?

መልስ፦ «ሲደክምሽ ንገሪን» የሚባለው እርዳታ ብዙ ጊዜ የማይሠራው አስታማሚው የሚናገረው ከወደቀ በኋላ ስለሆነ ነው። እርዳታ በቀንና በሰዓት ይታሰር። «እርዱኝ» ከማለት «ሐሙስ ከጠዋቱ 3 እስከ 7 ሰዓት አንተ ትቀመጣለህ» ማለት ይሻላል። ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ቀን ስለሆነ ለመውጣት ምክንያት ይሆንዎታል፤ ግን አራቱን ሰዓት በሙሉ ለአስቤዛ አያውሉት፤ ቢያንስ ሁለቱን ይተኙበት። ዘመድ ከጎማ ወይም ከማና ወረዳ የሚመጣ ከሆነ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ መሆኑን አይርሱ። በዚያ ወቅት ቃል የገባ ሰው ቢቀር ክፋት አይደለም። የእሱን ተራ ከጥር በኋላ ያድርጉት፤ ለለቀማው ወራት የከተማ ሰው ይያዙ።

ተተኪውን በአንድ ቀን ጥለው አይውጡ። መጀመሪያ ቀን አብረው ይሁኑና እሱ ያገላብጥ፣ እሱ ያጉርስ፤ እርስዎ ይዩ። በሁለተኛው ቀን ለአንድ ሰዓት ብቻ ይውጡ። በሦስተኛው ሙሉውን አራት ሰዓት ይተዉለት።

ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፤ ቤቱ በኦሮምኛ የሚግባባ ከሆነ በኦሮምኛ ይጻፍ። በብዙ ቤት የሚያጋጥመው ስህተት የመድኃኒት ሰዓት ነው። ፋርማሲው «8:00» ብሎ የጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ተተኪው ግን ስምንት ሰዓት ነው ብሎ ከቀትር በኋላ ይሰጣል። የደም ግፊት ኪኒን እንዲህ ስድስት ሰዓት ይዘገያል፤ ማታ ሌላው ሲመጣ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ስለዚህ በቁጥር ብቻ ሳይሆን «ከቁርስ በኋላ፣ ጠዋት 2 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ። የሰጠ ሰው ወዲያው ምልክት ያድርግ።

ማገላበጥ በየሁለት ሰዓቱ ነው፦ ግራ ጎን፣ ጀርባ፣ ቀኝ ጎን። ጎን ሲባል ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ከጀርባ ትራስ ገብቶ ትንሽ ዘንበል ማለት ይበቃል። ተረከዝ አልጋ እንዳይነካ የታጠፈ ጋቢ ከባት ሥር ይግባ፤ ከተረከዝ ሥር አይደለም። ታማሚን ብብት ይዞ መጎተት ቆዳ ይልጣል፤ ሁለት ሰው አንሶላውን ይዞ ያንሳ። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላት ላይታይ ይችላል፤ የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም የደደረ ቦታ ካለ በእጅ ይዳሰስ። በክረምት አንሶላ አልደርቅ ሲል ፕላስቲክ ያለ ጨርቅ የሚያነጥፉ አሉ። ላቡ ቆዳውን አርሶ ቁስል የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ሁልጊዜ ከፕላስቲኩ በላይ የታጠፈ ጥጥ ጨርቅ ይኑር።

ጥያቄ (ከጅረን)፦ ሳዑዲ ያለው ወንድሜ «ዘካዬን ለእናታችን መስጠት አልችልም» ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። የወላጅ ቀለብ የልጁ ግዴታ ስለሆነ ዘካ ለእሱ አይተካም። ለእናት የሚሰጠው ከዘካ ውጭ ካለው ገንዘቡ ነው። ለችግረኛ ወንድም ወይም እህት ግን ዘካ ይሰጣል። ሥራ ትተው ገቢ ያጡት እርስዎ ከሆኑ ለእርስዎ ሊሰጥ ይችላል። መንገዱን ከመስጊዳችሁ ሼኽ ጋር ጨርሱት።

ጥያቄ (ከአጂፕ)፦ እድራችን ለታማሚ ቤት አንድ ነገር ያደርግ ይሆን?

መልስ፦ አብዛኛው እድር ገንዘብ የሚያወጣው ለቀብር ነው፤ ግን ደንቡን የሚያወጣው የአባላት ጉባኤ ነው። «እርዱን» ብላችሁ አትግቡ። «ቤቱ የአልጋ ቁራኛ ያለበት አባል በሳምንት ሁለት ሰዓት ተረኛ ይመደብለት፣ መዋጮው ለስድስት ወር ይራዘምለት» የሚል ሐሳብ በጽሑፍ አቅርቡ። ዕቁብ ካለዎት ደግሞ ዳኛውን ዕጣ እንዲያስቀድሙልዎ ይጠይቁ። አባላት ከተስማሙ የሚደረግ ነገር ነው።

ጥያቄ (ከሰጦ ሰመሮ)፦ የአባቴ የማስታወስ ችሎታ እየደከመ ነው። ጡረታውን በውክልና ልቀበል?

መልስ፦ አባትዎ የሚፈርሙትን የሚረዱ ከሆነ ዛሬ ነገ አይበሉ። «ጠቅላላ ውክልና» ብቻ አይበቃም፤ ጡረታ መቀበልና የባንክ ሒሳብ ማንቀሳቀስ ተለይተው ተጠቅሰው ይግቡ። ቤት ለመሸጥም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ (ውክልናውን የሰጠው ሰው) ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቋረጣል። «ችሎታ ባጣም ይቀጥላል» የሚል ቃል ማስገባት ይቻል እንደሆነ ሰነዱን የሚያዘጋጀውን ሰው ይጠይቁ። አባትዎ አሁን የማይረዱ ከሆነ ጣታቸውን ይዞ ማስፈረም በኋላ በወንድምና በእህት መካከል ክስ ያመጣል። ያኔ የሚያዋጣው የሐኪም ማስረጃ ይዞ ፍርድ ቤት ሄዶ ሞግዚት ማሾም ነው።

ጥያቄ (ከኮቺ)፦ የግል ድርጅት ሠራተኛ ነኝ። ለማስታመም ፈቃድ አለኝ?

መልስ፦ በዚህ ስም የለም። በአዋጅ 1156/2011 የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ይከፈላል። አንዱን ክፍል ታማሚው ከሆስፒታል ለሚወጣበት ሳምንት ያስቀምጡ፤ ቤት ውስጥ ከባዱ እሱ ነው። ለልዩና ከባድ ሁኔታ ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ይሰጣል፤ በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም።

ጥያቄ (ከጊንጆ)፦ ባለቤቴ ላይ መጮህ ጀምሬያለሁ። ከዚያ ብቻዬን አለቅሳለሁ። ክፉ ሰው ሆንኩ?

መልስ፦ አልሆኑም፣ እህቴ። ለሳምንታት ያልተኛ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው። መጀመሪያ የሚስተካከለው ሌሊቱ ነው፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት በሳምንት ሦስት ቀን ሌላ ሰው ያገላብጥ፣ እርስዎ በር ዘግተው ሌላ ክፍል ይተኙ። ክፍል ከሌለ ጎረቤት ይደሩ። ቤት ለቤት የምትዞረውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስለ ታማሚው ብቻ ሳይሆን ስለ ራስዎም ይንገሯት። እንቅልፍ ሰዓቱ እያለም እምቢ ካለ፣ ምግብ ካስጠላ ወይም መኖር የማያስፈልግ ከመሰለ ሁለት ሳምንት አይጠብቁ፤ በዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እዚያ በሚሄዱበት ቀን ባለቤትዎ ዘንድ ማን እንደሚቀመጥ ግን ዛሬውኑ ይወስኑ፤ ብዙ አስታማሚ ቀጠሮው የሚቀርበት በዚህ ነው።