ስለ መርከብ ባላስት ውሃ ጠይቁኝ

በመርከብ ማሽን ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። በስተመጨረሻ የባላስት ውሃ ማከሚያው የእኔ ኃላፊነት ነበር። ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ የመጡትን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መርከብ ውሃ ተሸክማ የምትዞረው ለምንድን ነው?

ጭነቷን ያራገፈች መርከብ እንደ ባዶ ጀሪካን ትንሳፈፋለች። ፕሮፔለሯ ከውሃ ብቅ ይላል፤ ማዕበልም እንደፈለገ ያንገላታታል። ስለዚህ ባራገፈችበት ወደብ ውሃ በፓምፕ ስባ ታንኮቿን ትሞላለች፤ ባላስት ውሃ የሚባለው ይህ ነው። በምትጭንበት ወደብ መልሳ ታፈሰዋለች። ድሮ ለዚህ ሥራ ድንጋይና አሸዋ ነበር የሚጫነው። ትልልቆቹ መርከቦች በአንድ ጉዞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቶን ውሃ ይይዛሉ። ችግሩ ውሃው ብቻውን አለመግባቱ ነው። የባሕር እንስሳት እጭ፣ እንቁላል፣ አልጌ፣ ባክቴሪያ አብሮ ይገባል።

ጥያቄ፦ ጥቂት እጭ ባሕር ውስጥ ቢፈስ ምን ያመጣል? ነገሩን አላጋነናችሁትም?

አላጋነንም። ጥቁር ባሕርን እንይ። ከአሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ የመጣች ኔሚዮፕሲስ የምትባል ጄሊ መሳይ እንስሳ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ እዚያ ታየች። የዓሣውን ምግብ በላች፤ የዓሣውን እንቁላልና እጭም በላች። በአሥር ዓመቱ መጨረሻ አንቾቪ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ምርት አሽቆለቆለ፤ በዚያ ላይ የነበረው ከልክ ያለፈ አሳ ማስገርም አባባሰው። ፋታ የተገኘው በ1997 ነው፤ ያውም ቤሮኤ የተባለች እሷን የምትበላ ሌላ ጄሊ መሳይ ስለመጣች። ይህን ማንም አላቀደውም። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ደግሞ በ1988 የተገኘው ዚብራ መስል፣ ጥፍር የምታክል ባለ ሁለት ቅርፊት ፍጥረት፣ የውሃ መሳቢያ ቱቦዎችን እስካሁን ይደፍናል። የፈሰሰ ዘይት ቀስ በቀስ ይቀንሳል። የገባ ዝርያ ግን ይራባል።

ጥያቄ፦ ውቅያኖስ መሃል ውሃውን መቀየር አይበቃም?

ለብዙ ዓመታት የተሠራበት እሱ ነው። ከየብስ 200 ኖቲካል ማይል ርቆ፣ ጥልቀቱ ቢያንስ 200 ሜትር በሆነ ቦታ፣ ከውሃው 95 በመቶው ይቀየራል። የዳርቻ ፍጥረት ጥልቅ ውቅያኖስ ላይ አይመቸውም፤ የውቅያኖሱም ወደቡ ላይ እንደዚያው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ማዕበል ውስጥ ታንክ ባዶ ማድረግ ለመርከቧ አደገኛ ነው። አጭር ጉዞ ላይ ደግሞ ያን ያህል ርቀት የለም።

ከሁሉም በላይ ጭቃው አለ። አንድ ጊዜ ታንክ ለመጥረግ ገባሁ። ውሃው ተመጥጦ አልቋል። ከብረቶቹ ሥር የተኛው ጭቃ ግን ጫማዬን እስከ ቁርጭምጭሚቴ ዋጠው። ለስላሳ፣ ጥቁር፣ የሚገማ። እንዲህ ያለ ጭቃ ውስጥ የመርዛማ አልጌ ዘሮች ዓመታት ተኝተው ሊቆዩ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ውሃውን ማፍላትስ?

ለዚያ ሁሉ ቶን የሚሆን ሙቀትም ጊዜም የለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ የውሃ ማከሚያው ማሽን እንዴት ነው የሚሠራው?

አብዛኛው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ፊልተር፤ ቀዳዳው ከ40 እስከ 50 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ገደማ ነው። ከዚያ ወይ አልትራቫዮሌት መብራት፣ ወይ ክሎሪን። መብራቱ ሁሉን ወዲያው አይገድልም፤ ዘረ መሉን ጎድቶ እንዳይራባ ያደርገዋል። ስለዚህ ውሃው ሲወጣም ብዙ ጊዜ ድጋሚ በመብራቱ ያልፋል። ክሎሪኑ ብዙ ጊዜ ከውጭ አይመጣም፤ የባሕሩ ጨው ላይ ኤሌክትሪክ በመልቀቅ እዚያው ይመረታል። ከመፍሰሱ በፊት ግን የተረፈው ክሎሪን ኃይሉ በኬሚካል መጥፋት አለበት። አለበለዚያ ወራሪውን ገድለን ወደቡን መረዝን ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አሁን ሁሉም ማሽን አለው አይደል? ነገሩ አበቃ?

አላበቃም። ስለ ባላስት ውሃ የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2004 (እ.ኤ.አ.) ጸደቀ፤ ሥራ ላይ የዋለው መስከረም 2017 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከመስከረም 8 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስምምነቱ የሚመለከታቸው መርከቦች ዲ-2 የሚባለውን መስፈርት ማሟላት አለባቸው። በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ውስጥ 50 ማይክሮንና ከዚያ በላይ የሆነ፣ መራባት የሚችል ፍጥረት ከ10 ማነስ አለበት። ለኮሌራ ባክቴሪያም ለብቻው ወሰን አለ።

ወረቀቱ ይህ ነው። አሁን ጭቃማ ወንዝ ዳር ያለ ወደብ አስቡ። ፊልተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይደፈናል። ራሱን ያጥባል፣ ይደፈናል፣ ደግሞ ያጥባል። የውሃው ፍሰት ይወርዳል። ከላይ ጭነቱ እየተራገፈ ነው፤ መኮንኑ በሬዲዮ "ስንት ቀረህ?" ይላል። ውሃው ማሽኑን ሳይነካ እንዲያልፍ የሚያደርገው ባይፓስ ቫልቭ ላይ እጄ የሄደበት ቀን አለ። ግፊቱ ምን እንደሚመስል ስለማውቀው ነው እዚህ ላይ የማጠብቀው፦ ማለፍ ግድ ከሆነ መዝገብ ላይ ይጻፍ፣ ለሚመለከተው ይነገር። ከዚያ ያ ውሃ ጥልቅ ባሕር ላይ ይውጣ፤ ታንኩ ይታጠብ፤ አዲሱም ውሃ በማሽኑ ይለፍ።

ጥያቄ፦ ተቆጣጣሪዎች ይህን ይደርሱበታል?

መጀመሪያ የሚያዩት ሰርተፍኬቱን፣ ዕቅዱንና መዝገቡን ነው። ጥርጣሬ ካላቸው ናሙና ይወስዳሉ። እኔ ናሙናው ቢበዛ ደስ ይለኛል፤ ማሽን መኖሩና ማሽን መሥራቱ ይለያያሉ።

ጥያቄ፦ በጨው ነው የሚሠራው ካልክ፣ ወንዝ ውስጥ ጨው ከየት ይመጣል?

ጎበዝ ጥያቄ ነው! ብዙዎች ወደ ወንዙ ከመግባታቸው በፊት የኋላውን ጫፍ ታንክ በባሕር ውሃ ይሞላሉ። ወደቡ ላይ ማሽኑን የሚመግቡት ከዚያ ነው። ይህ ጉዞው ሲታቀድ ካልታሰበ ግን ወንዙ ውስጥ ሆኖ ጨው ፍለጋ የለም።