ከትልልቅ የንግድ መሪዎች ምን እንቅዳ፣ ምኑን እንተው? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የታዋቂ የንግድ ሰዎችን ታሪክ አንብቤ አልጠግብም፤ ሥራዬ ላይ ግን ጠብ ያለ ነገር የለም። ምን አጎደልኩ?

መልስ፦ ያነበቡት ስለ ሰውየው እንጂ ስለ ውሳኔው አይመስለኝም። ማለዳ መነሳት፣ ድፍረት፣ ራእይ ሲነበቡ ደስ ይላሉ፤ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብተው ምን እንደሚሠሩ ግን አይነግሩዎትም። ከአንድ ሰው ታሪክ አንድ ውሳኔ ብቻ ይምረጡና አራት ነገር ይጻፉ፦ ያን ጊዜ ምን ያውቅ ነበር? ምን ምን አማራጭ ነበረው? የቱን መረጠ? ምንስ አስከፈለው?

ኢንቴልን እንይ። በ1985 የዚህ የኮምፒውተር ክፍል አምራች የሜሞሪ ቺፕ (መረጃ የሚይዝ ክፍል) ሥራው በጃፓን አምራቾች ተበልጦ ነበር፤ ኩባንያው ደግሞ የተቋቋመው በዚሁ ሥራ ነው። የኩባንያው ፕሬዚዳንት አንዲ ግሮቭ ሥራ አስፈጻሚውን ጎርደን ሙርን፣ እኛ ተነስተን አዲስ ሥራ አስፈጻሚ ቢመጣ ምን ያደርጋል ብሎ ጠየቀው። ሙርም ከሜሞሪ እንደሚወጣ ነገረው። ግሮቭ ታዲያ እኛው ራሳችን ለምን አናደርገውም አለ። አብዛኛው አንባቢ እዚህ ላይ አጨብጭቦ ያልፋል። ነገር ግን ኢንቴል ያን ጊዜ ማይክሮፕሮሰሰር (የኮምፒውተር ስሌት የሚሠራበት ቺፕ) እየሸጠ ነበር፤ የሚሻገርበት ሥራ በእጁ ባይኖር ኖሮ መውጣቱ መውደቅ በሆነ ነበር። የግሮቭን ጥያቄ ግን ማንም ሊጠቀምበት ይችላል። ከቀድሞው ኃላፊ የተረከቡትን ሪፖርት ያንሱና «ዛሬ ሥራውን ብጀምር ይህን ሪፖርት እፈጥረው ነበር?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «አይ» ከሆነ ለሁለት ወር ያቁሙት፤ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ ያኔ ይመልሱታል።

ጥያቄ፦ ያሸነፉትን ብቻ ማጥናት አያሳስትም?

መልስ፦ በጣም ያሳስታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የስታቲስቲክስ ሊቁ አብርሃም ዋልድ ያጠናው ጥይት በስቷቸው የተመለሱ አውሮፕላኖችን ነበር። መጠናከር ያለበት ቀዳዳው የበዛበት ክፍል ሳይሆን በተመለሱት ላይ ቀዳዳ የማይታይበት ክፍል መሆኑን አሳየ፤ እዚያ የተመቱት አልተመለሱምና። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የስኬት ታሪክ ጎን ያንኑ አድርጎ የወደቀ ሰው ይፈልጉ። አንዳንዴ ሰውየው ራሱ ነው። ሮን ጆንሰን የአፕል መደብሮችን ገንብቶ ስሙ ገነነ። በ2011 ጄሲ ፔኒ የተባለውን የመደብር ኩባንያ ሊመራ ሄደ፤ ኩፖንና የቅናሽ ሽያጭን በጥቂት መደብሮች ሳይሞክር በሁሉም አስቀረ። በ2012 ሽያጩ በሩብ ያህል አሽቆለቆለ፣ በ2013 እሱም ተሰናበተ። ሰው አንድ፣ ደንበኛ ሌላ። አንድን ዘዴ ከመቅዳትዎ በፊት የሠራው በምን ሁኔታ ውስጥ እንደነበር መርምሩ የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ ኃላፊ ነኝ። ቡድኔ ችግር እስኪፈነዳ ድረስ ይደብቀኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከዚህ ሁሉ ጥያቄ የሚበልጥብኝ ይሄ ነው። አለን ሙላሊ በ2006 ፎርድን ሲረከብ ኩባንያው በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር እየከሰረ ነበር። በየሳምንቱ ሐሙስ ኃላፊዎቹን ሰብስቦ ሥራቸውን በቀለም እንዲያሳዩ አደረገ፦ አረንጓዴ በእቅዱ፣ ቢጫ የሚያሰጋ፣ ቀይ የተበላሸ። ሁሉም አረንጓዴ ይዞ መጣ! በመጨረሻ ከኃላፊዎቹ አንዱ ማርክ ፊልድስ የአንድ አዲስ መኪና ምርት መዘግየቱን በቀይ አሳየ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሙላሊ አጨበጨበለትና ማን ሊያግዘው እንደሚችል ጠየቀ። ሌሎቹም ሰውየው እንዳልተባረረ ካዩ በኋላ ቀይና ቢጫ ይዘው መምጣት ጀመሩ።

እርስዎም በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰዓቱ የማይቀያየር፣ ከ45 ደቂቃ ያልበለጠ ስብሰባ ይያዙ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ይበቃዋል። ቀይ ሲመጣ የመጀመሪያው ቃልዎ «ስለነገርከን እናመሰግናለን»፣ ሁለተኛው «ምን ያስፈልግሃል?» ይሁን። «ለምን?» የሚለው ከስብሰባው በኋላ ለብቻ ይነሳ። ዘዴው የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ችግሩን እዚያው ለመፍታት ሲሞከር ስብሰባው ሁለት ሰዓት ይፈጅና ሰው ይሰለቻል። ሁለተኛው ይከፋል፦ አንድ ጊዜ ብቻ በቀይ ምክንያት ሰው ከተቆጡ በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ አመኔታውን መመለስ ወራት ይወስዳል።

ጥያቄ፦ አማዞን በስላይድ ፈንታ ጽሑፍ ያስነብባል ይባላል። ለትንሽ ቡድን ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። እነሱ እስከ ስድስት ገጽ ይጽፋሉ፤ ለአምስት ሰው ቡድን አንድ ተኩል ገጽ በቂ ነው። ጽሑፉን ቀድመው ልከው «አንብባችሁ ኑ» አይበሉ፣ ግማሹ ሳያነብ ይመጣል። ስብሰባው ሲጀመር አሥር ደቂቃ በጸጥታ ይነበብ።

ጥያቄ፦ ለዕድገት አንድ ቦታ መቆየት ይሻላል ወይስ መቀያየር?

መልስ፦ ሳትያ ናዴላ ማይክሮሶፍት የገባው በ1992፣ ሥራ አስፈጻሚ የሆነው በ2014 ነው። ሜሪ ባራ በ1980 በ18 ዓመቷ ጄኔራል ሞተርስ ገብታ በ2014 መሪው ሆነች። ይህን ይዞ «ታገሡ» ማለት ግን የተሳሳተ ትምህርት ነው። ባራ በአንድ ወንበር አልከረመችም፤ ፋብሪካ መርታለች፣ የሰው ኃይል አስተዳድራለች፣ የመኪና ልማቱንም ይዛለች። የእኔ መለኪያ በየ18 ወሩ «ያኔ የማልችለው፣ ዛሬ የምችለው ምንድን ነው?» የሚል ነው። መልስ ካጡ አዲስ ኃላፊነት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ሁለቴ ጠይቀው ካልተሰጠዎት ሌላ ቦታ ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ መሪ ስህተቱን ቢናገር አይናቅም?

መልስ፦ ባለሀብቱ ዋረን ባፌት በ1993 ዴክስተር የተባለውን የጫማ ኩባንያ እሱ በሚመራው በበርክሻየር ኩባንያ አክሲዮን ገዛ፤ ኩባንያው ዋጋ አጣ። ለባለአክሲዮኖች ይጽፈው በነበረው ደብዳቤ፣ በጥሬ ገንዘብ ፈንታ በአክሲዮን መክፈሉ ስህተቱን እንዳባባሰው ሳይሸፋፍን ጻፈ። እርስዎም በአራት ዓረፍተ ነገር ይጨርሱት፦ የወሰንኩት ይህን ነው፤ ያሰብኩት ይህ ነበር፤ የሆነው ይህ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ የምለውጠው ይህን ነው። «ግን» የሚል ቃል ከገባበት እንደገና ይጻፉት።