አፍንጫዬን ልሰራው? ከጅማ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰላም ቤተሰብ። እንደምታውቁት እዚህ ጅማ የሥነ ልቦና ምክር እሰጣለሁ። ስለ ውበት ቀዶ ሕክምና ጠይቁኝ ብዬ ስልኬ አላስቀምጥ አለኝ። እንደመጣልኝ እመልሳለሁ። ዋጋ የጠየቃችሁኝ ግን ይቅር በሉኝ፣ እኔ ቀዶ ሐኪም አይደለሁም።

ሴልፊ ስነሳ አፍንጫዬ ድንች ነው የሚመስለው፣ መስታወት ላይ ግን ደህና ነው። የቱን ልመን?

መስታወቱን። ለካሜራ የቀረበ ነገር ይተልቃል፣ ከፊት ላይ ደግሞ ቀድሞ የሚቀርበው አፍንጫ ነው። እንደ አውሮፓውያን በ2018 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር የተነሳ አፍንጫ ከ1.5 ሜትር ከተነሳው በ30 በመቶ ገደማ ሰፍቶ እንደሚታይ አስልቷል። ስልኩን ለጓደኛሽ ስጪያትና ራቅ ብላ ታንሳሽ። መስታወትም ቢሆን ግራና ቀኝሽን ገልብጦ ነው የሚያሳይሽ። ያንን ስለለመድሽ ፎቶ ላይ ጠመም ያልሽ ይመስልሻል።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ከንፈሬን ካላስሞላሁ ትላለች። ቲክቶክ ነው ያበላሸብኝ?

እናቴ፣ ቲክቶክ ድርሻ አለው። ወፍራም ሰው በሚከበርበት፣ ፊጂ በምትባል የፓስፊክ ደሴት አገር አንድ አካባቢ እንደ አውሮፓውያን በ1995 ቴሌቪዥን ገባ። ያኔ ክብደት ለመቀነስ ብላ የምታስመልስ ልጅ አልተገኘችም፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ከተጠየቁት ተማሪ ልጃገረዶች 11 በመቶ ያህሉ አደርገዋለሁ አሉ። ያኔ ደግሞ ፊልተር የሚባል ነገር አልነበረም።

ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ ጋ የሚመጡት ልጆች መነሻውን ሲያስታውሱ ብዙ ጊዜ የሚነግሩኝ ስለ ቤታቸው ነው። አንዷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና ቡና ተፈልቶ ስኒ እያደለች ነው። አክስቷ ቀና ብላ አይታት «እህቷ እንዲህ ሰልካካ ሆና ይቺ የማንን አፍንጫ ወሰደች?» አለች። ቤቱ ሳቀ፣ እሷም አብራ ሳቀች። ዛሬ 22 ዓመቷ ነው፣ ስትስቅ አሁንም አፍንጫዋን በእጇ ትሸፍናለች። እናም እባክዎ፣ ልጅዎን ከመቆጣትዎ በፊት ስለ ከንፈሯ ማን ምን እንዳላት ይጠይቋት።

ፍቅረኛዬን ቆንጆ ነሽ እላታለሁ፣ አታምነኝም። ቀኑን ሙሉ መስታወት ላይ ነች።

ወንድሜ፣ ያንተ «ቆንጆ ነሽ» የሚቆየው ለአንድ ሰዓት ነው፣ ከዚያ ደግማ ትጠይቅሃለች። ሌላው ሰው ልብ የማይለውን ጉድለት እያሰቡ ሰዓታት መጨነቅ፣ ክፍል መቅረት፣ ፎቶ መሸሽ ካለ ይህ ራሱን የቻለ የአእምሮ ሕመም ሊሆን ይችላል። ከመቶ ሰው ሁለቱን ገደማ ይይዛል። ቀዶ ሕክምና አይፈውሰውም፣ አብዛኞቹ ተሰርተውም አይረኩም፣ ወይም ጭንቀቱ ከአፍንጫ ወደ አገጭ ይዛወራል። የሚረዳው የንግግር ሕክምናና ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት ነው። ሁለቱም እዚሁ ጅማ አሉ። «እብድ ነኝ እንዴ?» ትልህ ይሆናል፣ አትከራከራት፣ አብረሃት ሂድ።

ቀይ የሚያደርግ ክሬም ከቀዶ አይሻልም?

አይሻልም። መለያ የሌላቸው ክሬሞች ውስጥ ሜርኩሪ ሊኖር ይችላል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ስቴሮይድ ያለበት ደግሞ ቆዳ ያሳሳል። እኛም ግን እንታዘብ፣ ልጅ ስትታጭ «ቀይ ናት?» ብሎ የሚጠይቅ ዘመድ ባለበት አገር ክሬም ሻጩን ብቻ መውቀስ ይከብደኛል።

ዳሌ ለማስሞላት ውጭ አገር ልሄድ ነው።

ቀስ በይ። ዳሌ ብዙ ጊዜ የሚሞላው ከራስሽ ሰውነት በተወሰደ ስብ ነው፣ ስቡ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ደግሞ ሳንባ ድረስ ሄዶ ሊገድል ይችላል። እንደ አውሮፓውያን በ2017 ሐኪሞቹ ራሳቸው ከ3,000 አንዷ ትሞታለች ብለው ገምተው ነበር። ከዚያ ወዲህ አሠራሩን አሻሽለዋል፣ ቢሆንም ርካሽ ቦታ አትፈልጊለት።

ታዲያ መሠራት ሁሉ በሽታ ነው?

ኧረ አይደለም! ተቃጥላ የዳነች፣ ከንፈሯ ተሰንጥቆ የተወለደች አለች። አስባበት ለራሷ ብላ የምትሠራም አለች፣ ምን አገባኝ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ማንም ሳያውቅልሽ፣ አንድም ፎቶ ሳትለጥፊ ቢሆን ታደርጊዋለሽ?

ያቺ አክስትስ ምን አለች?

ይህን የጠየቃችሁኝ ሦስት ናችሁ፣ ወሬ ወዳጆች! ልጅቷ ሄዳ ጠየቀቻት። «እኔ? መቼ?» አለች፣ ጭራሽ አታስታውሰውም። ልጅቷ ግን ፊት ለፊቷ ቁጭ ብላ ልብ ብላ ስታያት፣ ለካ አፍንጫው የአክስቷ ኖሯል።