ማን ነበር የሚነዳው?

የእህቴ ልጅ ከሦስት ሳምንት በፊት ደውላ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «ነገ እመልስልሻለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም። ልጅቱ መኪና መንዳት እየተማረች ነው። ከአሠልጣኟ ጋር ቦሌ መንገድ ላይ ስትለማመድ፣ ዜብራው ላይ መሻገር ለጀመሩ አንዲት እናት ሳትቆም አለፈች፤ ትራፊክ ፖሊሱ አስቆማቸውና ቅጣቱን በአሠልጣኙ መንጃ ፈቃድ ላይ ጻፈው። አሠልጣኙ ደግ ሰው መሆን አለበት፣ «ይኼ የሥራው ጠባይ ነው፣ አንቺ አታስቢ» ብሏታል። እሷ ደግሞ የጠየቀችኝ፣ «ጋሼ፣ እሱ ራሱ አታስቢ ካለኝ ዝም ብል ነውር አለው?» ብላ ነው።

እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ ማጣት አልነበረብኝም። 32 ዓመት በኦዲተርነት ሠርቻለሁ፤ እንጀራዬን የበላሁት ሰነድ ዘርግቼ «ይህን ያዘዘው ማን ነው? ፊርማውስ የማን ነው?» እያልኩ ሰው ሳስጨንቅ ነው። ነገር ግን ጥያቄዋ በ1979 ዓ.ም. አንድ እሑድ ጠዋት ቸርችል ጎዳና ላይ የደረሰብኝን ነገር ቀሰቀሰብኝ፤ ስለዚህ ለእሷ ብቻ ከምመልስ፣ መሪ ለመጨበጥ ለተዘጋጃችሁ ሁሉ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ያኔ የ25 ዓመት ወጣት፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጀማሪ ኦዲተር ነበርኩ። ቅርንጫፎችን ለመመርመር ወደ ክፍለ ሀገር ስንወጣ የሚወስዱን አንድ ሾፌር ነበሩ፤ ልጆቻቸው በሕይወት ስላሉ ስማቸውን አልጽፍም። ወደ ደሴ ስንሄድ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አልፈን በጭጋግ ውስጥ ወደ ደብረ ሲና መውረድ ስንጀምር፣ ሁልጊዜ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ፤ ፍሬን ለመቆሚያ ነው እንጂ ለመውረጃ አይደለም» ይሉ ነበር። ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ይግልበትና ታች ሲደርስ አይይዝለትም፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ቢይዝለት ግን ፍሬኑ ለክፉ ቀን ይቆይለታል። እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ ማርሽ በቀየሩ ቁጥር የግራ እግሬን ወለሉ ላይ እያነሣሁ ስጥል ለካ ያዩኝ ኖሯል፤ «ፍሪሲዮን እየረገጥክልኝ ነው እንዴ?» ብለው እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ሳቁብኝ።

እሑድ እሑድ የመሥሪያ ቤቱን ላንድሮቨር አውጥተው እንዲያስተምሩኝ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ እምቢ አሉኝ፤ በሦስተኛው እሺ አሉ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት እሑዶች ከከተማ ወጣ ባለ ሜዳ ላይ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ስነዳ ዋልኩ። በአራተኛው እሑድ አስፋልት ካላየሁ አልኩ። ከለገሃር ተነሥተን ቸርችል ጎዳናን ወደ ማዘጋጃ ቤት መውጣት ጀመርን፤ ፖስታ ቤቱን እንዳለፍን ከፊቴ አውቶቡስ ቆመ፣ እኔም ዳገቱ ላይ ቆምኩ። የተማርኩት ግልጽ ነበር። የእጅ ፍሬኑን መያዝ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያሉ መልቀቅ፣ መኪናው ወደፊት ለመሄድ ሲታገል በእግር ሲሰማ ያን ጊዜ የእጅ ፍሬኑን መፍታት ነው። እኔ ግን አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ከኋላዬ ክላክስ ሰማሁና ደንግጬ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለቀቅኩት። ሞተሩ ጠፋ፤ ላንድሮቨሩ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከኋላችን የቆመውን ሰማያዊና ነጭ ታክሲ መታው። የፊት መብራቱ ረገፈ።

ሾፌራችን ምንም አልተናገሩም። የእጅ ፍሬኑን ስበው ወረዱ፣ በፊት በኩል ዞረው በሬን ከፈቱና «ወደዚያ እለፍ» አሉኝ። ትራፊክ ፖሊሱ ከታች በኩል እየሮጠ ሲደርስ እኔ በተሳፋሪው ወንበር፣ እሳቸው በመሪው ላይ ነበርን። ባለታክሲው ሁሉንም አይቷል፤ የፈለገው ግን የመብራቱን ዋጋ ስለነበር አልተነፈሰም። ፖሊሱ «ማን ነበር የሚነዳው?» ብሎ ጠየቀ። «እኔ ነኝ» አሉ። ፖሊሱ ወደ እኔ ዞር ብሎ አየ፤ እኔ የማርሹን ዘንግ አያለሁ። መንጃ ፈቃዳቸውን ተቀብሎ የክስ ወረቀት ጻፈላቸው። ለታክሲው መብራት 40 ብር ከኪሴ አውጥቼ ከፈልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት ማታ ዕዳዬን የከፈልኩ መስሎኝ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት ነገሩ መሥሪያ ቤት ደርሶ ነበር። የመምሪያው ኃላፊ አስጠርተውኝ፣ «አንተም መኪናው ውስጥ ነበርክ አሉ፤ ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። ለባለቤቴ ይህን ታሪክ በነገርኳት ቁጥር «ዝም አልኩ» እያልኩ ነው የጨረስኩት፤ ይህንንም ደብዳቤ ስጀምር እንደዚያው ልጽፍ አስቤ ነበር። ዝም አላልኩም። «መንገድ ላይ አግኝተውኝ ነው የተሳፈርኩት» ብዬ ዋሸሁ።

የመንግሥት መኪና ለግል ጉዳይ አውጥተዋል ተብሎ ሾፌራችን ከመስክ ሥራ ተነሡና ከተማ ውስጥ ደብዳቤ እንዲያመላልሱ ተመደቡ። የውሎ አበል ለአንድ ሾፌር ምን ማለት እንደሆነ ለሠራተኛ ቤተሰብ ልጅ አላስረዳም፤ ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለጤፍ ነው፣ የደብተርና የጫማው ገንዘብ ከመስክ ነው የሚመጣው። በየወሩ የአበል መክፈያ ቅጹን የምመረምረው ደግሞ እኔ ነበርኩ፤ የእሳቸው ስም ይጻፍበት የነበረው መስመር በሌላ ሾፌር ስም ተተክቶ አየው ነበር። ሒሳቡ ሁልጊዜ ትክክል ነበር፤ እኔም እፈርም ነበር።

ቀበቶ እሰሩ፣ እየነዳችሁ ስልክ አታንሡ የሚለውን ከእኔ አትጠብቁ፤ እሱን ግድግዳው ሁሉ ይነግራችኋል። ስለ እናንተ ስለ ወጣቶቹ ግን አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ትራፊክ ሲያስቆማችሁ ሰላምታ ሳትሰጡ ስልክ አውጥታችሁ መቅረጽ ትጀምራላችሁ፤ ቅጣቱንም እዚያው በስልካችሁ ከፍላችሁ ነገሩ የተዘጋ ይመስላችኋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ወደ አገር የሚገቡት የቤት መኪኖች በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ብቻ እንዲሆኑ ከተወሰነ በኋላማ፣ እነሱ ፍሪሲዮን የላቸውምና ነገሩን ልጆቻችሁ በወሬ ብቻ ሊያውቁት ነው። ይህን እንደ ወቀሳ ጻፍኩት እንጂ፣ 40 ብር ከፍሎ ሰላም የተኛው የ1979ኙ ልጅ ከእናንተ በምን እንደሚሻል አላውቅም።

የእህቴ ልጅ ሆይ፣ ቅጣት ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ አሠልጣኝሽ እንዳለሽ ዝም ብትዪ አልቀየምሽም ነበር። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ግን የአሽከርካሪን ጥፋት በነጥብ መመዝገብ ያመጣ ደንብ ነው፤ ነጥቡ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ እስከ መታገድ ይደርሳል። ላንቺ መንጃ ፈቃድ ቦርሳ ውስጥ የሚቀመጥ ካርድ ነው፤ ለእሱ ግን ለገበሬ በሬው እንደሆነው ነው። ስለዚህ ብሩን ስጪው፤ እምቢ ቢል ደግመሽ ስጪው፤ ከዚያ በኋላ ግን ሳትጠሪ ማሠልጠኛው ድረስ ሄደሽ «መሪውን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ» ብለሽ ለቀጣሪው ንገሪ። እኔን ያመለጠኝ ያ ቢሮ ነው።

ሁልጊዜ እዚያው በቦታው እውነቱን አፍርጡት ብዬ እንዳልመክር አንድ ነገር ይይዘኛል። ቸርችል ጎዳና ላይ ለፖሊሱ «እኔ ነበርኩ» ብዬው ቢሆን ኖሮ፣ መንጃ ፈቃድ ለሌለው ሰው መኪና ሰጥተዋል ተብሎ የሾፌራችን ክስ ይከብድ ነበር። ስለዚህ ከፖሊሱ ፊት አለመናገሬን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም፤ ሌላ ቀን ብትጠይቁኝ ግን እቆጥረዋለሁ ልላችሁ እችላለሁ። የሰኞውን ግን የትኛውም ቀን ብትጠይቁኝ መልሴ ያው ነው።

በ1980 ዓ.ም. ጥር ላይ ተፈትኜ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ወደ መሥሪያ ቤት ስመለስ ሾፌራችንን ግቢው ውስጥ አገኘኋቸው፤ እንደ ልማዳቸው የመኪና መስተዋት በረጠበ ጋዜጣ ይወለውላሉ። ሰኞ ዕለት ያልኩትን ልነግራቸው ከበር ጀምሮ ቃል እየመረጥኩ ነበር። ቀድመውኝ ቀና አሉና፣

«ዳገት ላይ አስቆሙህ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

«ወደ ኋላ ሄደብህ?»

«አልሄደብኝም።»

«ጎሽ» አሉና ጋዜጣውን አጥፈው ወደ ሌላኛው መስተዋት ዞሩ።