በፊደል ይጀመር ወይስ በጆሮ?

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር አፋን ኦሮሞ ታወራለች፤ ቁቤም ፊደልም ጀምራለች። አባቷ እስራኤል ነው፤ እኛም ልንሄድ ስለሆነ የዕብራይስጥ ቃላት በአማርኛ ፊደል እየጻፍኩ አስጠናታለሁ። አይደበላለቅባትም?
(እናት፣ ከሄርማታ፣ ጅማ)

መልስ፦ በሁለት ቋንቋ አፏን የፈታች ልጅ ሦስተኛውን አትፈራም። አልፎ አልፎ ቃል ብታቀላቅል አይደንግጡ። በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ቅዳሜን ጠብቆ ሁለት ሰዓት ማስቀመጥ ግን ያማርራታል እንጂ አያስተምራትም።

በፊደላችን መጻፉን ይተዉት። ቆፍና ጤት የሚባሉትን የዕብራይስጥ ፊደላት እኛ በ«ቀ» እና በ«ጠ» እንጽፋቸዋለን፤ ዛሬ በእስራኤል በአብዛኛው የሚነገሩት ግን እንደ «ከ» እና «ተ» ነው። ጻዴም የኛ «ጸ» ሳይሆን «ት» እና «ስ» ተጣብቀው የሚወጡበት ድምፅ ነው። ልጅቷ እርስዎ የጻፉትን ካነበበች ያንኑ ትለምዳለች፤ በኋላ ማስተው ጣጣ ነው። ይልቅ አባቷ በየቀኑ ሁለት ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር በድምፅ ይላክላት፤ እሷም ደግማ ትላክለት።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በአማርኛ «እፈልጋለሁ» ወንዱም ሴቷም ይላሉ። በዕብራይስጥ ግን ወንዱ «አኒ ሮትሴ»፣ ሴቷ «አኒ ሮትሳ» ነው። አባቷን ብቻ የምትቀዳ ሴት ልጅ እንደ ወንድ ታወራለች፤ ስለዚህ አባቷ የሚያውቃት አንዲት ሴትም ድምፅ ትቅረጽላት። ቁጥር ላይም አራት «አርባ» ስለሚባል በጣት እያሳዩ ያስቆጥሯት።

ፊደሉ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ይድረስ። 22 ናቸው፤ አምስቱ በቃል መጨረሻ ቅርጻቸው ይለወጣል። ዳዊት ቤት ውስጥ ካለ 118ኛው መዝሙር ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ ስማቸውን ያገኙታል። የሚጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ባለ ካሬ ደብተር ይግዙና በየመስመሩ ቀኝ ጫፍ ላይ ቀይ ነጥብ ያድርጉ፣ አለዚያ እጇ በልማዱ ከግራ ይነሳል። ዳሌትንና ሬሽን በአንድ ሳምንት አያስተምሯት። የዳሌት የላይኛው ቀኝ ማዕዘን ሹል ሆኖ ይወጣል፣ የሬሽ ክብ ነው፤ በጣቷ ታስኪደው። ቤትና ካፍም፣ ሄና ሔትም እንዲሁ ይምታታሉ። የኛ ፊደል አናባቢውን በራሱ ይዟል፤ የነሱ ግን በአብዛኛው ከሥር በሚደረጉ ነጥቦችና ጭረቶች ነው። ጋዜጣ ላይ እነዚህ አይኖሩም፣ የልጆች መጻሕፍት ላይ ግን አሉ፤ አባቷ መጽሐፍ ሲልክ ነጥብ ያለው መሆኑን ያረጋግጥ።

ጥያቄ፦ ልጄ ዕብራይስጡን ይሰማል፣ ግን አንድ ቃል አይተነፍስም።
(አባት፣ ከጅማ)

መልስ፦ ለሳምንታት፣ ለወራትም ቢሆን ዝም ማለቱ የተለመደ ነው። «በል እስቲ ተናገር» እያሉ እንግዳ ፊት አያቁሙት፤ «ኳሱን አምጣ»፣ «በሩን ዝጋ» ብለው በዕብራይስጥ ይዘዙት፤ ካደረገው ገብቶታል ማለት ነው። አማርኛውንም ማውራት ካቆመ ግን ሐኪም ይየው።